የአንድ ሰፈር ቡሪቶ የከተማ መታወቂያ የሚሆነው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «ኦክላንድ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ሳን ፍራንሲስኮ በተሻገርኩ ቁጥር ስለ ሚሽን ሰፈር ቡሪቶ የማይነግረኝ ሰው የለም። አብሮኝ የሚሠራው ሜክሲኮያዊ ግን አገሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ይምላል። ታዲያ የማን ነው? እንዴትስ የከተማው መታወቂያ ሆነ? የምጠይቀው ለወሬ ያህል አይደለም፤ በእንጀራ የተጠቀለለ ጥብስ መሸጥ ጀምሬያለሁና አንድ ቀን እንዲህ ሊታወቅ ይችል ይሆን ብዬ ነው።»

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዎም አልዋሸም፣ የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎችም አልዋሹም። ቡሪቶ በመሠረቱ የሰሜን ሜክሲኮ ምግብ ነው። ሜክሲኮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቆሎ ብቻ ነው፤ ሶኖራና ቺዋዋ የመሳሰሉት የሰሜን ግዛቶች ግን የስንዴ አገር ናቸው። ስንዴውን ስፔናውያን ይዘውት መጡ፣ ደረቁ የሰሜን ምድር ተስማማው፣ ከዚያም ቶርቲያ የሚሉት ስስና ሰፊ የስንዴ ቂጣ መጣ። እዚያ ቶርቲያ ውስጥ አንድ ዓይነት ወጥ፣ ወይም ቦሎቄ ብቻ፣ ወይም ተቀጥቅጦ የተጠበሰ ቋንጣ ይደረግና ይጠቀለላል። ቀጭን ስለሆነ አንድ ሰው ሁለት ሦስቱን ይበላል። ባልደረባዎ ከመሀል ወይም ከደቡብ ሜክሲኮ ከሆነ ይህንንም ቢሆን እምብዛም ሳያየው ማደጉ አይገርምም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ አጀማመሩ በሰፊው የሚተረክ ታሪክ አለ። በሜክሲኮ አብዮት ዘመን፣ በ1910ዎቹ፣ ሁዋን ሜንዴዝ የሚባል ሰው በድንበሯ ከተማ በሲዩዳድ ሁዋሬዝ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ በቶርቲያ እየጠቀለለ በአህያ ጭኖ ይሸጥ ነበር ይላል። ታሪኩ ያምራል፤ ችግሩ በ1895 የታተመ የሜክሲኮ ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ቡሪቶን አስቀድሞ መዝግቦት መገኘቱ ነው። ስለዚህ ሜንዴዝን ሻጭ እንጂ ፈልሳፊ ልንለው አንችልም። ይህን የማነሳው ለሌላ ምክንያት ነው፦ ዝነኛ ምግብ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ፈልሳፊ ይወለድለታል። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ሁለት ወልዳለች።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ሚሽን ሰፈር የሚሠራው ነገር ከሌላው በምን እንደሚለይ በቅርብ እንየው፤ ምክንያቱም የዝናው ግማሽ ያለው ባንኮኒው ላይ ነው። ሠራተኛው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ቶርቲያ አንስቶ የእንፋሎት ማሞቂያው ውስጥ ያስገባዋል። ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ደርቆ የነበረው ለዝቦ ይወጣል፤ ሳይለዝብ ቢታጠፍ ከጎኑ ይሰነጠቃል። ቺዝ ከታዘዘ ትኩስ እያለ ይነሰነስበታል። ቀጥሎ ሩዝ ይገባል። ከዚያ ቦሎቄ በቀዳዳ ጭልፋ፣ መረቁ ተጠንፍፎ፣ «ጥቁሩ? ቡናማው? ወይስ የተላቆጠው?» እየተባለ ይጨመራል። ሥጋው ጣውላ ላይ በትልቅ ቢላ ይደቀደቅና ይከተላል፦ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ አሳማ፣ ዶሮ፣ ደፋር ለሆነ ምላስና የጭንቅላት ሥጋ። (ምላስ ላይ የኛ ሰው ደፋር መሆን አያስፈልገውም።) ሳልሳ (የቲማቲምና የቃሪያ ማጣፈጫ) ይጨመራል፤ «ሱፐር» ያለ ደንበኛ ጓካሞሌ (የተላቆጠ አቮካዶ) እና ሳወር ክሪምም ይደረግለታል። ከዚያ ግራና ቀኙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የፊቱ ጫፍ ተጎትቶ በጣት ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ይንከባለላል፣ በአሉሚኒየም ፎይል ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። ደንበኛው መስታወቱ ወዲያ ማዶ አብሮ እየሄደ «ይህ ይግባ፣ ያ ይቅር» ሲል ይቆይና ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ይደርሳል። ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝን ምሳ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተሠርቷል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይያዙልኝ፦ ሩዙን፣ ፎይሉንና ሰልፉን። ሩዝ የገባው ለጣዕም ብቻ አይመስለኝም። ሥጋ ውድ ነው፣ ሩዝ ርካሽ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ የሳልሳውንና የቦሎቄውን ፈሳሽ መጥጦ ቶርቲያው እንዳይበሰብስ ያደርጋል። ፎይሉ ሙቀት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ግን ቅርጽ ይይዛል። ከላይ እየላጡ ስለሚበሉት ሰው አንድ እጁን ለስልኩ፣ ለመሪው ወይም ለአካፋው አስቀርቶ ይበላል። ሰልፉ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው «የኔ ቡሪቶ» የሚለው ነገር እንዲኖረው ያደርጋል። የምግብ አዘገጃጀት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አዘዛዝ የሚያውቅ ሰው ግን የከተማውን ያህል ሊበዛ ይችላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ፈልሳፊዎች። የመጀመሪያው ፌብሮኒዮ ኦንቲቬሮስ ነው፤ ፎልሰምና 20ኛው መንገድ መገናኛ ላይ ኤል ፋሮ የሚባል ግሮሰሪ ነበረው። እሱ እንደሚለው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1961 በአቅራቢያው ያለው ጣቢያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳንድዊች ፈልገው ገቡ። ሳንድዊች የለም፤ ትልቅ ቶርቲያም የለም። ስለዚህ ትናንሽ ቶርቲያዎችን ጠርዝ ለጠርዝ ደራርቦ ጠቀለለና በ1 ዶላር ሸጠላቸው፤ ከዚያ በኋላ ትልቅ ቶርቲያ አስመጣ። ሁለተኞቹ ቫሌንሺያ መንገድ ላይ ሥጋ ቤት የነበራቸው ራውልና ሚካኤላ ዱራን ናቸው። ላ ኩምብሬ የተባለው ቤታቸው በሴፕቴምበር 29 ቀን 1969 የመጀመሪያውን የሚሽን ቡሪቶ እንደሸጠ ይናገራል። በመካከላቸው 8 ዓመት ከ3 ቀን አለ፤ ሁለቱም ወገን ግን ቀኑን እስከነቁጥሩ ያስታውሳል!

የትኛው ይበልጥ ይታመናል ቢሉኝ የኤል ፋሮ ታሪክ እውነተኛ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያማረ አይደለም። ዕቃ የጎደለው ባለ ሱቅ ባለው ነገር ሲያብቃቃ ነው የምናየው፤ ምግብ ቤት የሠራ ሰው ያን ቀን ያውቀዋል። ለጥያቄዎ ግን ከመልሱ ይልቅ ክርክሩ ነው የሚጠቅመን። ሁለት ቤት «እኔ ነኝ የጀመርኩት» የሚባባልበት ምግብ ጋዜጠኛ አያጣም፣ ቱሪስት አያጣም፣ ሁለቱንም ቀምሶ ልፍረድ የሚል ደንበኛም አያጣም። የባለቤትነት መብቱ በአንዱ እጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድ ጥሩ ምግብ ቤት ይኖር ነበር፤ «የሚሽን ቡሪቶ» የሚባል ነገር ግን አይኖርም ነበር። ዋናው መልሴ እዚህ ላይ ነው፦ አንድን ምግብ የከተማ መታወቂያ የሚያደርገው የመጀመሪያው ሠሪ አይደለም፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ያንኑ ነገር በትንሽ በትንሹ እየለያየ ሲሠራውና ሕዝቡ በልዩነቱ ሲሟገት ነው።

ሰፈሩ ለዚህ የተመቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ሚሽን የአይሪሾችና የጣልያኖች የሠራተኛ ሰፈር ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እነሱ ሲለቁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ተተኩ። በ1942 ተጀምሮ እስከ 1964 የዘለቀው የብራሴሮ ፕሮግራም ሜክሲኮያውያን የእርሻ ሠራተኞችን በኮንትራት ወደ ካሊፎርኒያ ያመጣ ነበርና ማሳ ላይ በእጅ ተይዞ የሚበላ ጥቅል ምሳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር። ኪራይ ርካሽ ነበር። ርካሽ ኪራይ ደግሞ ተማሪውን፣ ሠዓሊውን፣ ሙዚቀኛውንና የፖለቲካ ወጣቱን ጎትቶ አመጣ፤ እነዚህ ሁሉ ኪሳቸው ባዶ፣ ሌሊታቸው ረጅም፣ ወሬያቸው ብዙ የሆነ ደንበኞች ናቸው። በ1973 የባርት ባቡር 16ኛውና 24ኛው መንገድ ላይ ጣቢያ ከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት የባሕሩ ዋሻ ተከፍቶ የእርስዎን ኦክላንድ ከሚሽን ጋር በደቂቃዎች አገናኘ። ላ ታኬሪያ የተባለው የሚሽን ቡሪቶ ቤት የተከፈተውም በዚያው በ1973 ነው። ዛሬ ከ24ኛው ጣቢያ ደረጃውን ወጥተው ግራ ቀኝ ቢያዩ የቡሪቶ ቤት ከቡሪቶ ቤት ጋር ተያይዟል።

ይህን መጠጋጋት ንግድ ያልሠራ ሰው እንደ ጉዳት ያየዋል። እንዲያውም ደረጃ የሚያወጣው እሱ ነው። ከአንዱ ቤት የወጣ አብሳይ በማግስቱ መንገድ ተሻግሮ ሌላው ቤት ይቀጠራል፤ እጁ ላይ ያለውን የአጠቃለል ዘዴ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ጓካሞሌ ሲጨምር ሌላው መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ አንዱ መጠኑን ሲያሳንስ ደንበኛው 50 እርምጃ ሄዶ ይቀጣዋል። ማንም የምግቡን ሕግ ቁጭ ብሎ ሳይጽፍ ሰፈሩ በሙሉ ቶርቲያው በእንፋሎት መሞቅ እንዳለበት፣ ፎይሉ ግዴታ እንደሆነ፣ «ሱፐር» ምን ማለት እንደሆነ ተስማማ።

የውጭ ሰው ስም ሲያወጣለት ነው ነገሩ ከሰፈር የወጣው። ስቲቭ ኤልስ የሚባል ወጣት ሼፍ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጄረማያ ታወር በሚያስተዳድረው ስታርስ ምግብ ቤት ይሠራ ነበርና በሚሽን ሰልፎች ላይ ዓይኑ አረፈ። በ1993 ከአባቱ 85 ሺህ ዶላር ተበድሮ ወደ ዴንቨር ሄደና ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በአንድ የቀድሞ አይስክሬም ቤት ውስጥ ኋላ በመላው አሜሪካ የተስፋፋውን ቺፖትሌ የተባለ ቡሪቶ ቤት ከፈተ። አባትና ልጅ አስልተው በቀን 107 ቡሪቶ ከተሸጠ ያዋጣል አሉ፤ በአንድ ወር ውስጥ በቀን ከ1,000 በላይ ይሸጥ ጀመር። መስታወቱ፣ ሰልፉ፣ ሩዙ፣ ፎይሉ ሁሉ ከሚሽን የተወሰደ ነው። የሚሽን ሰዎች ቺፖትሌ ሲባሉ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እኔ ግን ውለታ የዋለላቸው ይመስለኛል። ኦሃዮ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ሰው ቅጂውን በልቶ ለመደ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመጣ «ዋናውን» ፍለጋ ይወጣል። ቅጂ ባይኖር «ዋናው» የሚባል ነገር አይኖርም። ከሰፈሩ ርቀው የሄዱትም የበኩላቸውን አደረጉ፦ ከበርክሌይ ወደ ኒው ዮርክ የሄዱ ሁለት ወንድማማቾች የለመዱትን ቡሪቶ እዚያ ቢያጡት በ2009 ዶስ ቶሮስ የሚባል ቤት ራሳቸው ከፈቱ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የ2014ቱ ነው። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የመረጃ ትንተና ድረ ገጽ ከመላው አሜሪካ 64 ቡሪቶዎችን እንደ ዋንጫ ጨዋታ በጥሎ ማለፍ አወዳደረና ላ ታኬሪያን አሸናፊ አደረገ። በ2017 ደግሞ ያው ቤት ምግብ ቤቶችን የሚሸልመውን የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽንን የአሜሪካ ክላሲክስ ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ ላ ታኬሪያ ቡሪቶው ውስጥ ሩዝ አያስገባም! የሚሽን ቡሪቶ መለያው ሩዝ ነው እየተባለ፣ የሚሽንን ስም አገር ያስጠራው ቤት ሩዝ የለውም። ሰፈሩ ተናደደ? በፍጹም። ክርክሩ በረታ፣ ሰልፉ ረዘመ። የበሰለ የምግብ ባህል ሕጉን የሚጥስ ቤት ይሸከማል፤ ሕጉ ራሱ ጎልቶ የሚታየው በዚያ ቤት ነው።

ሌላ መንገድም እንዳለ ለማየት ከዚያው ካሊፎርኒያ ወደ ደቡብ ሳን ዲዬጎ ይውረዱ። እዚያ «ካሊፎርኒያ ቡሪቶ» የሚሉት የተጠበሰ ሥጋ፣ ቺዝና የተጠበሰ ድንች ነው፤ አዎ፣ ችፕሱ ውስጡ ይገባል። ሩዝም ቦሎቄም የለውም። የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው፤ ማን እንደጀመረው ግን እዚያም ስምምነት የለም። የሳን ዲዬጎው ልዩነት አንድ ሰፈር ላይ አለመከማቸቱ ነው፤ በዘመድ አዝማድ ነው የተሠራጨው። ሮቤርቶና ዶሎሬስ ሮብሌዶ በ1964 ሳን ይሲድሮ ላይ የቶርቲያ ፋብሪካ ከፈቱ፤ ከዚያ ሮቤርቶስ የተባሉ ታኮ ቤቶች መጡ፣ ከእነሱ ጋር የሠሩ ዘመዶችና የአገር ልጆች እየወጡ የየራሳቸውን ከፈቱ። ከዚህ ነው አልቤርቶስ፣ ፊሊቤርቶስ እየተባለ በ«ቤርቶስ» የሚያልቅ ስም ደቡብ ምዕራብን የሞላው። አንዱ ስሙን እንዲቀይር ሲታዘዝ አዲስ ታፔላ ላለመግዛት ሁለት ፊደል ብቻ ቀይሮ ሮቤርቶስን አልቤርቶስ አደረገው ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ብዙዎቹ በመኪና መስኮት ይሸጣሉ፣ ደንበኛቸው ከባሕር የወጣ ሰርፈርና ከመጠጥ ቤት የወጣ ተማሪ ነው። አጋዥ ምግብ ሩዝ ሳይሆን ድንች የሆነው፣ የዝናው ዓይነት እንኳ የተለየው፣ ከተማው ስለተለየ ነው። ሳን ዲዬጎ የመኪና ከተማ ናት፤ ሚሽን የእግረኛ ሰፈር ነው።

መታወቂያ መሆን ዋጋም ያስከፍላል። ሚሽን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቴክኖሎጂ ገንዘብ ሲገባበት ኪራይ ናረ፤ ቡሪቶውን ያሳደጉት ብዙ ቤተሰቦች ወጡ፤ የ1 ዶላሩ ምግብ ከ10 ዶላር አለፈ። ምግቡ ቱሪስት ሲስብ ሠራተኛው ከባሕሩ ማዶ በባቡር እየተመላለሰ ይጠቀልላል። ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም፤ ሕንጻው የራስዎ ካልሆነ ግን የኪራይ ውልዎን ረጅም ያድርጉት።

እግረ መንገዴን ለጾመኛ አንባቢ፦ «አይብና ሥጋ የሌለው የቦሎቄ ቡሪቶ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አያስጾምም። የተላቆጠው ቦሎቄ በብዙ ቤት በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው፤ የስንዴ ቶርቲያው ራሱ የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል፤ ሩዙም አንዳንድ ቦታ በዶሮ መረቅ ይበስላል። ስለዚህ ያልተላቆጠውን ቦሎቄ ይዘዙ፣ ስለ ቶርቲያውና ስለ ሩዙም ይጠይቁ። ለሙስሊም አንባቢዎችም ጉዳዩ ያው ነው።

ወደ ጥቅልዎ እንምጣ። ከምግቡ ልጀምር። የስንዴ ቶርቲያን ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚያሸክመው ግሉተን ነው፤ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። ጤፍ ግሉተን የለውም። እንጀራው ዓይኑ መረቅ የሚመጥ መሆኑ ትሪ ላይ ጸጋው ነው፤ ፎይል ውስጥ ግን እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከታች ይርሳል፣ ሲያነሱት ይበጠሳል። ስለዚህ የሚሽንን መጠን አይኮርጁ። የእርስዎ ጥቅል ቀጭን ይሁን፣ ወደ ሰሜን ሜክሲኮው ይጠጋ፤ አንድ ሰው ሁለት ቢገዛ ምን ገዶዎት። እንጀራው በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ትኩሱ ይጣበቃል። ጥብሱን ደረቅ ያድርጉት፣ መረቁን አጠንፍፈው ያውጡት፤ በእንጀራውና በሥጋው መካከል የሰላጣ ቅጠል ወይም የተጨመቀ ጎመን ቢያነጥፉ ሩዙ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። አዋዜውን በትንሽ ዕቃ ለብቻው ይስጡ። በፎይል ምትክ የሚተነፍስ ወረቀት ይሞክሩ። እንጀራው አሁንም ካስቸገረ ኦንቲቬሮስ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እንዳደረገው ሁለት ግማሽ እንጀራ ጠርዝ ለጠርዝ ደራርቡት፤ ድርብ የሆነው ቦታ ከታች ይሁን።

ሦስት አራት ምርጫ ይኑር እንጂ 20 አይሁን፤ እንግዳ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ከፊቱ ያለውን በመስማት ብቻ አዘዛዙን መማር አለበት። «ጥብስ፣ ከጎመን ጋር፣ ሚጥሚጣ ይግባ» ማለት የቻለ የውጭ ሰው በማግስቱ ጓደኛውን ይዞ መጥቶ ያስተምራል። ዋጋውም የምሳ ዋጋ ይሁን፣ የእራት አይሁን።

ይታወቅ ይሆን ላሉት ግን፣ ብቻዎን ከሆኑ አይመስለኝም። ጥሩ ምግብ ቤት ይሆናሉ፣ ያ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከተማው ግን የእኔ የሚለው ሌሎችም ሲሠሩት ነው፤ ኦክላንድ ደግሞ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ተቀራርበው ያሉባት ከተማ ናት። ብዙ ከተማ ይህን አላገኘም። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ጥቅልዎን መሥራት ሲጀምር ደም ፍላት ይመጣብዎ ይሆናል፤ አዘገጃጀቱን ሰረቀኝ ብለው ጠበቃ ቤት አይሂዱ፤ ቡናውን ሊጠጡ ይሂዱ። ሁለታችሁም ደንበኛው በአንድ ስም እንዲጠራው ተነጋገሩ፤ ስሙም የእርስዎ ቤት ወይም የእሱ ቤት ስም ባይሆን ይመረጣል። የመንገዱ ስም ቢሆን ሦስተኛው ቤትም ሳይከፋው ሜኑው ላይ ይጽፈዋል።